የ7ኛ ክፍል ሒሳብ የት ደረሰ? የቤት ሥራውን ለምን አታርሙልኝ እንደምል (ለወላጆች)

የሒሳብ መምህርት (አዲስ አበባ)

ሰላም ወላጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ለክፍሌ ወላጆች ነበር፣ በቴሌግራም ግሩፓችን። ግን የሌላ ትምህርት ቤት ወላጆችም እዚህ ያንኑ ሲጠይቁ ስለማይ እዚሁም አስፍሬዋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የት እንደደረስን ልንገራችሁ። የስብስብን ምዕራፍ ጨርሰናል። አሁን ኢንቲጀር ላይ ነን፤ ዜሮን፣ ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች ያሉ ሙሉ ቁጥሮችን ማለት ነው። መደመርና መቀነሱን አይተን በዚህ ሳምንት ማባዛት ጀምረናል። ከዚያ ሬሾ፣ ፕሮፖርሽንና ፐርሰንት ይመጣል። ትርፍና ኪሳራ፣ ወለድ፣ ቫት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምታወሩት ነገር ስለሆነ እሱ ለናንተም ይቀላችኋል።

አሁን ልጆቹን የሚይዛቸው አንድ ቦታ አለ። የመቀነስ ምልክት ሁለቴ ሲመጣ ይጠፋባቸዋል። ክፍል ውስጥ ይህን ጠየቅኋቸው፦ የራስ ዳሸን ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 4,533 ሜትር ነው፣ የዳናክል ረባዳ ምድር ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 125 ሜትር ገደማ ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 4,408 ብለው ጻፉ። ትልቁን ወስደው ትንሹን ቀነሱ ማለት ነው። መልሱ ግን 4,658 ነው። ከዳናክል ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው የባሕር ጠለል ላይ ለመድረስ ብቻ 125 ሜትር ይወጣል፣ 4,533ቱ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ ይኼ ነው። ያን ቀን ተመሳሳይ ጥያቄ ለቤት ሥራ ሰጠኋቸው፣ ቁጥሩንና ቦታውን ብቻ ቀይሬ። በነጋታው ደብተር ስሰበስብ ሁሉም ማለት ይቻላል ትክክል ነው። ክፍል ውስጥ 4,408 ብሎ የጻፈውን አንዱን ልጅ ቦርድ ላይ አውጥቼ ደብተሩን ሳያይ የቤት ሥራውን ድጋሚ እንዲሠራው ጠየቅኩት። የትናንቱን ስህተት ደገመው። ደብተሩ ላይ ያለው መልስ የሱ አይደለም። የአስጠኚው ነው፣ ወይ የእህቱ፣ ወይ የስልክ።

ልጁን አልተቆጣሁትም። እናንተንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው፣ ልጃችን ተሳስቶ አይሂድ ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ከ50 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል በ40 ደቂቃ ውስጥ ለማን ገባው፣ ለማን አልገባውም የሚለውን አንድ በአንድ ማጣራት አልችልም። የማየው በደብተሩ ነው። ደብተሩ ሁሉ ራይት ከሆነ ገብቷቸዋል ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ፣ ልጁ ግን መቀነስ ላይ ቀርቷል፣ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም፣ 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ላይ ነው የሚታየው።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የቤት ሥራውን አታርሙልኝ። ስህተቱን እንዳለ ላኩልኝ። ላጲስም ባይጠቀሙ እመርጣለሁ፤ ሲሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዘው ከጎኑ ይቀጥሉ። የተሰረዘውን አነባለሁ፣ ብዙ ጊዜ ከመልሱ ይልቅ የሚነግረኝ እሱ ነው።

አሠራሬን ላስረዳ። በሳምንት ሦስት ቀን እሰጣለሁ፣ አምስት ወይ ስድስት ጥያቄ። ለግማሽ ሰዓት የሚበቃ ነው። ግማሽ ሰዓት አልፎ ካላለቀ አስቁሙት፣ «እስከዚህ ሠርቷል» ብላችሁ ፈርሙ፣ ይበቃል። ማርክ የምሰጠው ለመልሱ አይደለም፣ ለሙከራው ነው። ባዶ ገጽ ከሆነ ግን ዜሮ ነው። ጥያቄውን ገልብጦ «አልገባኝም» ብሎ የጻፈ ባዶ አይደለም፣ የቱ ጋ እንዳልገባው ምልክት ካደረገበት ደግሞ ሙሉ ነው።

ሌላው እንግሊዝኛው ነው። አዲስ አበባ ላይ እስከ 6ኛ በአማርኛ የተማሩትን ሒሳብና ሳይንስ 7ኛ ላይ ድንገት በእንግሊዝኛ ይጀምራሉ። ጥያቄውን በአማርኛ ሳነብለት የሚሠራ ልጅ ወረቀቱ ላይ ሲያየው ዝም ይላል። በደብተራቸው የመጨረሻ ገጾች ላይ ቃላት እያጠራቀሙ ነው። ማታ ያንን ገጽ አምስት ደቂቃ ብትጠይቋቸው ለኔ ከየትኛውም እርዳታ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።

እናት ከሰሚት

ቲቸር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አስተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። ግን አንድ ነገር ልበል። እርስዎ ለሙከራ ማርክ ይሰጣሉ፣ ሌሎቹ አይሰጡም። ልጄ ግል ትምህርት ቤት ነው፣ አንዷ አስተማሪ ስህተት ያለበትን ደብተር ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳይታ ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይታረምለት አልሄድም ብሎ ያለቅሳል። ምን ላድርግ? ደግሞ የአንድ ትምህርት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ፣ ኅብረተሰብ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይሰጣሉ፣ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ወንበር ላይ ነው። እኔም ከሥራ ስመጣ ደክሞኛል፣ እሱም ደክሞታል፣ እንቅልፉ መጥቶ አይኑ ሲከደን «በቃ እንዲህ ብለህ ጻፍ» እለዋለሁ። ፊት ለፊት ልናገር፣ የብዙ እናት ቤት እንዲህ ነው።

የሒሳብ መምህርት (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንዲህ በግልጽ ስለጻፉት አመሰግናለሁ። ስህተት ያለበትን ደብተር ለክፍል ማሳየት ልክ አይደለም፣ ይህን ለመናገር አልፈራም። አንድ ጊዜ ያፈረ ልጅ ሁለተኛ የራሱን ሥራ ይዞ አይመጣም፣ የሰው ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለ ብዛቱ፣ በኛ ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል መምህራን ተነጋግረን ቀን ተከፋፍለናል። ሒሳብ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ በሌሎቹ ቀናት። ወጪ የለውም፣ አንድ ወረቀት መምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። እናንተም በወላጅ ስብሰባ አንሱት፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ በወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) በኩል። አንድ ወላጅ ብቻውን ሲናገር ቅሬታ ይባላል፣ አሥር ሆናችሁ ስትጠይቁ ፕሮግራም ይወጣል። እስከዚያው ልጁ አራት ሰዓት ድረስ አይቀመጥ። ይተኛ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ በነጋታው ክፍል ውስጥም የለም።

አስጠኚ ነኝ

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ቤት ለቤት አስጠናለሁ። ቲቸር ያለችው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን የኛንም ጎን ስሙት። በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ያንን ሰዓት ልጁ ያልገባውን ከሥር ጀምሬ ባስተምረው ደስ ይለኛል። ሰባተኛ ሆኖ የማባዛት ሠንጠረዥ ያልያዘ ልጅ አለኝ፣ ስድስት ሲባዛ ስምንት ስለው ጣቱን ይቆጥራል። እሱን ልይዝለት ስጀምር ወላጅ መጥቶ «የነገው ቤት ሥራ አለቀ?» ይላል። አላለቀም ካልኩ ገንዘቡ እንደባከነ ነው የሚቆጠረው። ደብተሩ ላይ ራይት ሲያዩ ብቻ ነው የሚረኩት። ስለዚህ ሰዓቱ የሚያልቀው በቤት ሥራው ነው፣ ሠንጠረዡ እንደቀረ ይቀራል።

ወላጆች በናታችሁ፣ አስጠኚ ስትቀጥሩ «የቤት ሥራውን አሠራው» አትበሉን። «ያልያዘውን ፈልግና አስይዘው» በሉን። ያኔ ሥራችንን እንሠራለን።

የስምንተኛ አባት

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ነው የሚወስደው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው፣ ሁላችንም የደነገጥንበት ቁጥር ነው። ይኼን እያየሁ «ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይተኛ» ስባል ይጨንቀኛል። እኛ በሻማ ነው የተማርነው። ልጅ መሥራት አለበት፣ ብዙ መሥራት አለበት። አምስት ጥያቄ ምን ይሠራል? እኔ ሃያ ነው የማሠራው። ሲሳሳት አብሬው ቁጭ ብዬ አርማለሁ፣ አባቱ አይደለሁ?

የሒሳብ መምህርት (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ጭንቀትዎ የኔም ጭንቀት ነው። እነዚያን ቁጥሮች ሳይ የሚታየኝ 12ኛ ክፍል አይደለም፣ የራሴ ክፍል ነው። ልጆቹ 12ኛ ላይ ድንገት አልወደቁም። ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ያልያዙት ነገር ነው እየተጠራቀመ የሄደው፣ በየዓመቱ ደብተራቸው ትክክል ስለነበር ማንም አላየውም።

አብረው ቁጭ የሚሉ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ እንደርስዎ ያለ አባት ብዙ አላገኝም። ልዩነቱ ያለው ሲያርሙለት ምን እንደሚያደርጉ ላይ ነው። «ይኼ ልክ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ካሉት ይገለብጠዋል። «እዚህ ጋ እንዴት ደረስክ?» ብለው ጠይቀው ራሱ ካገኘው የሱ ሆነ። የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ ሳይጠፋ ይተዉልኝ። ፈተናው ላይ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፣ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከአራት መልስ አንዱን ይመርጣል፣ ከአራቱም አንዱ ያንኑ የተለመደ ስህተት የሚሠሩ ልጆች የሚመርጡት መልስ ነው። የዳናክሉ ጥያቄ ቢመጣ 4,408 ከምርጫዎቹ አንዱ መሆኑ አይቀርም።

ስለ ሃያው ጥያቄ፣ ስምንተኛ ላይ ለፈተና ልምምድ ከሆነ ሃያ አይበዛም፣ ቅዳሜ ይሁን። ለማታ የቤት ሥራ ግን ይበዛል ባይ ነኝ።

የስምንተኛ አባት

«እንዴት ደረስክ» የሚለውን እሞክረዋለሁ። ሃያው ላይ ግን አሁንም እጸናለሁ፣ ልጄን እኔ አውቀዋለሁ።

ሳይንስ አስተማሪ (አዳማ)

ስለ እንግሊዝኛው ልጨምር። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ነው የምናስተምረው፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞሩት 9ኛ ላይ ነው። ስለዚህ እናንተ 7ኛ ላይ የምታዩትን ድንጋጤ እኛ ጋ ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ነው የሚያዩት። ፅንሰ ሐሳቡን በደንብ ይዘው ስለሚሄዱ የሚጠቅም ነገር አለው፣ ግን ዘጠነኛ ላይ አንደኛው ወር ከባድ ነው፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ እየመጡ ይነግሩኛል። በሁለቱም መንገድ ወላጅ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ውጤቱ ሲወርድ ሰነፈ አትበሉት። ትናንት የሚያውቀውን ነገር ዛሬ በሌላ ቋንቋ እየተጠየቀ ነው። ቤት ውስጥ በራሳችሁ ቋንቋ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ፣ በራሱ ቋንቋ ማስረዳት ከቻለ እንግሊዝኛው ይከተላል።

ከሪያድ

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ሪያድ። ልጄ ደሴ ከእናቴ ጋር ናት፣ ሰባተኛ ክፍል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ እኔም ስድስተኛ ጨርሼ ነው የወጣሁት። ማታ ሥራ ጨርሼ ኢሞ ላይ ስደውል የቤት ሥራዋን በካሜራ ታሳየኛለች፣ እኔ ግን ምንም አይገባኝም፣ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ጎበዝ የኔ ልጅ እላታለሁ እንጂ ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም። አስተማሪዋም ስንት ጊዜ ወላጅ አምጪ ብሏት እናቴ ሄዳ «ልጅሽን አሠሪያት» ተብላ ተመልሳለች። እናቴ በምን ታሠራት? ቲቸር የጻፉትን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ። የኔ ዓይነቷ እናት ምን ማድረግ ትችላለች?

የሒሳብ መምህርት (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ከብዙ ወላጅ የተሻለ እያደረግሽ ነው፣ ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምልሽ። ሥራ ጨርሰሽ በየማታው ደብተር ታያለሽ።

ሒሳቡን ማወቅ አያስፈልግሽም። አንድ ጥያቄ እንድትመርጥ ንገሪያትና እንዴት እንደሠራችው በአማርኛ ታስረዳሽ። «ለምን ቀነስሽ? ለምን አልደመርሽም?» በያት። አስረድታ ከጨረሰች ገብቷታል። መሃል ላይ ቆማ «እንዲህ ነው በቃ» ካለች እዚያ ጋ አልገባትም፣ ያንን ጥያቄ በእርሳስ ክበቢው በያት፣ በነጋታው ለአስተማሪዋ ታሳይ። ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ለማስረዳት ብትቸገር በሱቅ ዱቤ ታስረዳሽ፤ ሰባት ብር ዱቤ ያለበት ሰው ሦስት ብር ቢከፍል አራት ብር ዱቤ ይቀርበታል፣ −7 + 3 = −4 ማለት ይኼው ነው። እናትሽም ይኼን ከማናችንም በላይ ያውቁታል፣ አያትና ልጅ ሆነው ሊያወሩት ይችላሉ።

ለአስተማሪዋ ደግሞ አጭር የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ላኪለት። ውጭ እንዳለሽ፣ ከአያቷ ጋር እንደምትኖር፣ አንቺ በየማታው እንደምትከታተይ ንገሪው። ብዙ ጊዜ አስተማሪው ስለማያውቅ ነው እንዲያ የሚለው። እኔ ክፍል ውስጥ እናታቸው ዓረብ አገር ያሉ ልጆች አሉ፣ ለነሱ ወላጆች የሳምንቱን ማጠቃለያ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ነው የምልከው፣ ሥራ ላይ ሆነውም ይሰሙታል።

ከሪያድ

እግዜር ያክብርልኝ። ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ። እዚህ መካከለኛ ደረጃ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ነው። ልጄ ሰባተኛ ነው። የኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። መረጃው ይበዛል። ፓረንትቪው የሚባል አፕ አለ፣ ማርኩን በየቀኑ ያሳያል፣ ካንቫስ በሚባል ሌላ አፕ ላይ ደግሞ የቤት ሥራው ይለጠፋል። አንድ ሥራ ሳይሰጥ ሲቀር ወዲያው ይታየኛል። ባለቤቴ ማታ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ከፍቼ ሳይ ልቤ ይሰቀላል። ግን ያ ሁሉ መረጃ እያለ ልጄ ፐርሰንት ገብቶት ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ማርክ ማየትና ልጅን ማወቅ ይለያያል፣ ቲቸር ያሉት እዚህም ይሠራል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሳምንቱን አንድ ጥያቄ በአማርኛ እንዲያስረዳኝ ጀምሬያለሁ። ሒሳቡም ይጠራል፣ አማርኛውም አብሮ ይሻሻላል።

እዚህ ያላችሁ ወላጆች አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የወላጅና መምህር ስብሰባ ሲኖር ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው፣ ክፍያ የለውም። እኛ ካውንቲ አማርኛ ከዋናዎቹ የትርጉም ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ ደብዳቤውም በአማርኛ ይመጣል። አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ፣ ቀደም ብላችሁ ግን። ልጅ ሲያስተረጉም ስለ ራሱ የተባለውን ከባድ ነገር አለስልሶ ነው የሚነግራችሁ፣ ማን ይፈርድበታል።

የአይቲ ባለሙያ፣ የሁለት ልጆች አባት

ቲቸር ስለ ስልኩ ትንሽ ነው የነኩት። ቻትጂፒቲ ሰባተኛ ክፍል ገብቷል፣ እንወቀው። ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ በሰከንድ መልሱ ከነደረጃው ይመጣል። መከልከል አይቻልም፣ የጓደኛው ስልክ አለ። እኔ ቤት ያስቀመጥኩት ሕግ መጀመሪያ ደብተር ላይ ራስህ ትሠራለህ፣ ከዚያ «ይኼን የመሰለ ሌላ ጥያቄ ስጠኝ» ብለህ ትጠይቀዋለህ የሚል ነው። መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው የምናስወጣው። የመጽሐፉ ጥያቄ ሲያልቅ በጣም ይጠቅማል፣ በተለይ መጽሐፉ በእጁ ለሌለና በስልክ በፒዲኤፍ ለሚያነብ ልጅ። ግን አንዳንዴ እሱም ይሳሳታል፣ ልጁም ያ ሲገጥመው ደስ ይለዋል።

የሒሳብ መምህርት (አዲስ አበባ)

ይኼን ሕግ ወድጄዋለሁ፣ ለክፍሌ ወላጆችም አጋራዋለሁ። ከስልክ የተገለበጠ መልስ ይታወቃል። ገና ያላስተማርኩትን መንገድ ይዞ ይመጣል። ኢንቲጀር ላይ ሆነን ኤክስ ይሁን ብሎ እኩልታ ሠርቶ የመጣ ደብተር አለ፣ ያ ምዕራፍ ገና አልደረሰም። ልጁን «ኤክስ ምንድን ነው?» ስለው ያየኛል። ማርክ አልቀነስኩበትም፣ ከጎኔ አስቀምጬ ሁለቱን ጥያቄ በራሱ መንገድ አሠራሁት፣ አንዱን አገኘው።

መጽሐፉን በተመለከተ፣ በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ብዙ ቦታ መጽሐፉ ዘግይቶ ስለነበር ሁሉም በፒዲኤፍ ነው የለመደው። አሁን መጽሐፍ ያለው ልጅ መጽሐፉን ይጠቀም፣ ስልኩ እጁ ላይ ካለ ሌላውም ነገር አብሮ አለ።

አካውንታንት

ቫት ስላላችሁ አንድ ነገር ላቀብል፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ልጆቹን የሚጥላቸው ቫት መጨመር አይደለም፣ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ዕቃው ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ነው ተብሎ ያለ ቫት ስንት ነው ሲባሉ የ1,150ን 15 በመቶ ያወጣሉ፣ 172.50። ከዚያ ቀንሰው 977.50 ይላሉ። ስህተት ነው፣ መልሱ 1,000 ነው። 15 በመቶው የተሰላው በ1,000ው ላይ እንጂ በ1,150ው ላይ አይደለም። ለ1.15 ማካፈል ነው። ይኼን አዋቂ ነጋዴም ይሳሳተዋል። ቤት የሚመጣውን የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ አትጣሉት። የዕቃው ዋጋ፣ ቫቱና ጠቅላላው ለየብቻ ተጽፏል። ጠቅላላውን ብቻ አሳይታችሁ ሌላውን በጣት ሸፍኑና ልጁ ያውጣው፣ ከዚያ ጣታችሁን አንሱ።

የሒሳብ መምህርት (አዲስ አበባ)

በጣም አመሰግናለሁ! ፐርሰንት ስንደርስ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደረሰኝ ይዞ እንዲመጣ አደርጋለሁ። ወላጆች ከአሁኑ አስቀምጡላቸው።

የጎንደር ልጅ

አንድ ጥያቄ። እኛ ስንማር ራስ ዳሸን 4,620 ሜትር ነበር፣ አባቴም እንደዚያ ነው የሚለው። ለልጄ የቱን ልንገራት?

የሒሳብ መምህርት (አዲስ አበባ)

4,620 በድሮ መጻሕፍት ላይ የነበረው ቁጥር ነው። በኋላ በተወሰዱ ልኬቶች ዝቅ ብሏል፣ እኔ 4,533ን ነው የምጠቀመው፣ 4,550 የሚልም ታያለህ። ለልጅቷ ሁለቱንም ንገራት፣ ልዩነቱንም ታውጣ። በ4,620 ብትሠራውም አሠራሩ ልክ ከሆነ ልክ ብዬ ነው የማርመው፣ 4,745 ይመጣላታል።

እናት ከሰሚት

ቲቸር፣ ያሉትን አደረግኩት። ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ አስቆምኩት፣ «እስከዚህ ሠርቷል» ብዬ ፈረምኩ። መጀመሪያ አኮረፈ፣ ነገ ትቆጣኛለች ብሎ። ጠዋት ራሴ ይዤው ሄጄ ለአስተማሪዋ በጨዋ ደንብ ነገርኳት፣ ይህን ውይይታችንንም አሳየኋት። ደብተሩን ተቀብላ ሁለቱን ጥያቄ ቁጭ ብላ አስረዳችው። ስለ ቀን ክፍፍሉ ከሌሎች ወላጆች ጋር እየተጻጻፍን ነው፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዘነው እንገባለን። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ እርስዎ ፈተና ስትሰጡ ምን ታወጣላችሁ? የእህቴ ልጅ እርስዎ ጋ ሳትሆን አትቀርም፣ ስለ ሐሙስ ፈተና ስታወራ ሰማኋት።

የሒሳብ መምህርት (አዲስ አበባ)

ደስ ብሎኛል እህቴ፣ አስተማሪዋንም አመስግኑልኝ።

አዎ፣ ሐሙስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ኢንቲጀር ብቻ፣ መደመርና መቀነስ። ማባዛት አይገባም። አሥር ጥያቄ ነው፣ ስድስቱ ቁጥር ብቻ፣ አራቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የተጻፉ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከፍታና ጥልቀት፣ የሙቀት መጠን፣ ዱቤና ክፍያ። ካልኩሌተር አይያዝም። ለጥናት ሌላ ነገር አያስፈልግም፣ ከመስከረም ጀምሮ በቀይ ያረምኳቸውን የራሳቸውን ስህተቶች አውጥተው ድጋሚ ይሥሯቸው። ደብተራቸውን ማክሰኞ እመልሳለሁ። ወላጅ ማየት የሚፈልግ ካለ በዚያው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ መምህራን ክፍል እገኛለሁ።